ጋሽ ካሮት የሚሞትበት ክፍል

(ቦሌ ሚካኤል፣ አያሌው የተከራያት ጠባብ ግቢ። ከሰዓት በኋላ ነው። ከበሩ ውጭ ትልቅ ድንኳን ተተክሏል። ግቢውን ከድንኳኑ የሚለየው የተዘረጋ አንሶላ ብቻ ነው። አያሌው ከስፖንጅ የተሰራ፣ አናቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ያለው ትልቅ ካሮት ለብሶ የፍሪጅ ካርቶን ውስጥ በጀርባው ተኝቷል፤ ከካሮቱ የሚታዩት ፊቱና አረንጓዴ ጓንት ያጠለቁ እጆቹ ብቻ ናቸው። ጓደኛው ሃይደር ጥቁር ከረባት ይዞ ከአጠገቡ ቆሟል።)

አያሌው፦ ካሮት አንገት የለውም እያልኩህ ነው።

ሃይደር፦ አለው። ከፊቱ በታች ያለው ሁሉ አንገት ነው።

አያሌው፦ ከፊቱ በታች ያለሁትማ እኔ ነኝ።

ሃይደር፦ እንግዲያው አንገት ነህ። ቀና በል ልሰርልህ።

አያሌው፦ አራት ዓመት ያለ ከረባት አስተምሬ ዛሬ ስሞት ከረባት ምን ያደርግልኛል?

ሃይደር፦ ተምሳሌት ነው።

አያሌው፦ የምን?

ሃይደር፦ አንተ የማይገባህ ነገር ተምሳሌት። ስንት ጊዜ ላስረዳህ አያሌው? እኛ የምንሰራው የልጆች ፕሮግራም አይደለም። የልጆች ፕሮግራም የሚመስል አስፈሪ ነገር ነው። ሰው አይቶ ይስቃል፣ ከዚያ ይደነግጣል፣ ከዚያ ያስባል።

አያሌው፦ የእኛ ሰፈር ልጆች ይስቃሉ፣ ከዚያ ምሳ ይበላሉ።

ሃይደር፦ አልገባቸውማ። ላንተስ መቼ ገባህ? ጥርስ ስለመቦረሽ ያስተማርክበትን ክፍል አስታውስ። ጥርሶችህ ተራ በተራ ከአፍህ ወርደው አውቶብስ ተሳፍረው ሄዱ። ምንን ያመለክታል?

አያሌው፦ ላምበረትን።

ሃይደር፦ ከየት ተሳፈሩ መቼ አልኩህ? ለምን ሄዱ ነው የምልህ።

አያሌው፦ ዘመድ ሊጠይቁ ነዋ። ሻንጣ ይዘው አልነበር?

ሃይደር፦ ሰዓት የተማርንበትስ? የግድግዳው ሰዓት ተነስቶ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የበላው ለምንድን ነው?

አያሌው፦ ጾም አልነበረማ።

ሃይደር፦ ያ ረቢ! ድስቱስ? ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ከኋላህ ቆሞ ፈገግ የሚለው ድስት?

አያሌው፦ እሱን እወደዋለሁ።

ሃይደር፦ ባለፈው ሳምንት ቀቅሎ ለሞት ያደረሰህ እኮ እሱ ነው።

አያሌው፦ ቢሆንም። ፈገግታው አንድ ቀን አልተለየውም።

ሃይደር፦ በቃ ተወው፣ ተኛ። ስልኩን ድንኳኑ ውስጥ ማቆሚያ ላይ አስሬዋለሁ። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቀጥታ ስርጭቱ በራሱ ይጀምራል። በደላላ የቀጠርኳቸው አስለቃሽ ተዋናዮች ይገባሉ፣ ያለቅሳሉ፣ እኔ አንሶላውን እገልጣለሁ፣ አንተ ሞተህ ትታያለህ፣ አለቀ። እንደገና መቅረጽ የለም።

አያሌው፦ ሃይደር።

ሃይደር፦ አቤት።

አያሌው፦ ባይሞትስ?

ሃይደር፦ ጀመረህ ደግሞ።

አያሌው፦ ይታመም። ወይ ደሴ ይሂድና ትንሽ ይቆይ።

ሃይደር፦ ካሮት ምን ብሎ ይታመማል?

አያሌው፦ ይጠወልጋላ። ውሃ ሲያገኝ ይሻለዋል።

ሃይደር፦ ስማኝ ወንድሜ። ትልቅ ስራ የሚያልቀው በሞት ነው። ሃያ ሁለት ሰፈር ካፌ ቁጭ ብለው ስለዚህ ስራ የሚከራከሩ ሰዎች አሉ። ሲኒማ የተማሩ ናቸው። «መጨረሻውን ካላበላሸኸው ታሪክ ትሰራለህ» ብለውኛል። ላንድ ካሮት ብዬ ታሪክ ላጣ?

አያሌው፦ እኔ ካሮት ከመሆኔ በፊት መናኸሪያ ትኬት እቆርጥ ነበር።

ሃይደር፦ አውቃለሁ።

አያሌው፦ ሰው እጄን እንጂ ፊቴን አይቶ አያውቅም። አሁን ግን ዳቦ ልገዛ ስወጣ ልጆቹ መንገድ ላይ ያስቆሙኝና «ጋሽ ካሮት፣ ጥርሴን ቦርሻለሁ» ብለው አፋቸውን ይከፍቱልኛል። እኔም አያለሁ። አንዳንዱ አልቦረሸም፣ ግን ዝም እላለሁ። ተመስገን ብዬ ነው ቤቴ የምገባው። ነገ አፋቸውን ሲከፍቱልኝ ምን ልበላቸው? ሞቻለሁ ልበል?

ሃይደር፦ ሌላ አትክልት እፈልግልሃለሁ። አሁን ዓይንህን ጨፍን።

(ከድንኳኑ ውስጥ ለቅሶ ይሰማል። መጀመሪያ የአንዲት ሴት፣ ከዚያ የብዙ ሰው።)

ሃይደር፦ መጡ። ደላላው በዳሳ ቃሉን ጠበቀ። ስማ እስቲ ይቺን። እንዴት ከሆዷ እንደምታወጣው። ይሄ ነው ትወና። ትምህርት ቤት ገብተው የተማሩት ነገር ነው፣ ከሜዳ አይታፈስም።

አያሌው፦ እትዬ አፀደ ናቸው።

ሃይደር፦ ማን?

አያሌው፦ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያሉት እትዬ አፀደ። በድምፃቸው አወቅኋቸው።

ሃይደር፦ አንተ ተዋናይና ጎረቤት መለየት አትችልም። የጎረቤት ለቅሶ እንዲህ ስልት የለውም። (ኪሱ ውስጥ ሁለተኛው ስልኩ ይጮኻል።) ሃሎ፣ በዳሳ። ወላሂ አኮራኸኝ። ምን ዓይነት ሰዎች ነው የላክኸው። እ? አልደረሱም ማለት? ታዲያ የት ናቸው? ድንኳን አይተው ገቡ? የማን ድንኳን? (ያዳምጣል።) ሰርግ ቤት ገብተው እየበሉ ነው?

(ስልኩን ይዘጋል። ቀስ ብሎ ወደ አንሶላው ዞሮ ለቅሶውን ያዳምጣል።)

ሃይደር፦ አያሌው። እነዚህ እነማን ናቸው?

አያሌው፦ አልኩህ እኮ። እድሩ ነው።

ሃይደር፦ ድንኳኑን ከየት ነው ያመጣኸው?

አያሌው፦ ከእድሩ።

ሃይደር፦ ከሚያከራዩት ሰዎች ተከራይ አላልኩህም?

አያሌው፦ ሱቁ ተዘግቶ ነበር። እኔም እድሩ ጋ ሄድኩና…

ሃይደር፦ ሰው ካልሞተ ድንኳን የማይሰጥ እድር ዘንድ ሄድክ? ማን ሞተ ብለህ?

አያሌው፦ እሱንማ ስነግራቸው መጀመሪያ…

ሃይደር፦ ዝም በል። አትንገረኝ፣ ላስብበት። (ወዲያ ወዲህ ይላል።) ገባኝ። የእኛ ሰው ድንኳን ካየ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም። ነጠላውን አዘቅዝቆ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ያለቅሳል። የሞተውን ሰው ስም ሲወጣ ነው የሚሰማው። ድንኳኑ ያለው ያንተ በር ላይ ነው። አንተ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አልታየህም። ስለዚህ የሞትከው አንተ ነህ።

አያሌው፦ እኔ?

ሃይደር፦ በእነሱ ቤት።

አያሌው፦ ምንም አላመመኝም እኮ።

ሃይደር፦ ድንገተኛ ነው። ቆይ፣ ምን እያሉ እንደሚያለቅሱ ልስማ። (በአንሶላው ቀዳዳ ያያል።) «ቀዩ፣ መለሎው» ትላለች አንዷ።

አያሌው፦ እኔ አጭርና ጥቁር ነኝ።

ሃይደር፦ ለቅሶ ላይ ማንም አጭር የለም። ሰው ሲሞት ይረዝማል፣ ይቀላል። የታወቀ ነው። «ያ ለምለም ፀጉርህ» ትላለች ደግሞ።

አያሌው፦ (እጁን ወደ ራሱ ለመውሰድ ይሞክራል፤ አይደርስለትም።) ፀጉር ካጣሁ ስንት ዘመኔ።

ሃይደር፦ ከማክበር ነው። እትዬ ሳጂዳም መጥተዋል፣ «ልጆቼን ፊደል ያስቆጠርክ» ይላሉ። አንተ የሳጂዳን ልጆች ፊደል አስቆጥረሃል?

አያሌው፦ እኔ ሳልሆን፣ ሃይደር፣ እኔ እንደሚመስለኝ እኮ…

ሃይደር፦ አንተ ሟች ነህ። ሟች አይመስለውም። (አሁንም ያያል።) ኧረ ንፍሮ መጣ። ንፍሮ ቀቅለው መጥተዋል። አላህ ይቅር ይበለኝ። በቁም ሰው ሀዘን የሰፈሩን ሰው በሙሉ አስለቀስኩት። ነገ በዚህ መንገድ እንዴት ነው የማልፈው? እናቴ ኮምቦልቻ ሆና ይሄን ብትሰማ ምን ትለኛለች?

(ከድንኳኑ ውስጥ የስልኩ ማስጀመሪያ ድምፅ «ጢን» ይላል።)

አያሌው፦ ሃይደር፣ ስልኩ።

ሃይደር፦ አሁን ስልክ የማነሳበት ጊዜ ነው?

አያሌው፦ የኪስህ አይደለም። የድንኳኑ።

ሃይደር፦ የለቀስተኛ ስልክ ይሆናል። አያሌው፣ ሲኒማ ይቅር፣ ታሪክም ይቅር። ሰው ላይ እንዲህ አይቀለድም። ወጥቼ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።

አያሌው፦ ከመውጣትህ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ።

ሃይደር፦ ኑዛዜ አትናዘዝ፣ አልሞትክም።

(አንሶላውን አልፎ ይወጣል። ለቅሶው ጋብ ይላል። አያሌው ካርቶኑ ውስጥ ለመቀመጥ ይታገላል፤ ካሮቱ አይታጠፍለትም። የሃይደር ድምፅ ከድንኳኑ ይሰማል።)

ሃይደር፦ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ተሳስታችኋል፣ ያሳሳትናችሁም እኛው ነን። የሞተ የለም። ወላሂ ማንም አልሞተም። አያሌው ደህና ነው፣ ሻይ ጠጥቷል። ካሮቱም ደህና ነው። ድስቱም ምንም አላደረገም። ሁሉም ሰላም ነው፣ ወደየቤታችሁ ግቡ። ካላመናችሁ በዓይናችሁ እዩት።

(አንሶላውን ጎትቶ ይጥለዋል። አያሌው በመጨረሻ ተነስቶ ተቀምጧል። ከድንኳኑ የሚያዩትን ጎረቤቶች ሲያይ ግራ ገብቶት በአረንጓዴው ጓንት እጁን ያወዛውዛል። ከዚያ ድንኳኑ በእልልታ ይናጋል። ሃይደር ፈዝዞ እንደቆመ እትዬ አፀደ ወደ አያሌው ጠጋ ብለው ያነጋግሩታል። ሲሄዱ ሃይደር ወደ ካርቶኑ ይመለሳል።)

ሃይደር፦ ለምንድን ነው እልል የሚሉት? አንድ ሰው እንኳ አልተቆጣኝም። አንዲት አሮጊት ጉንጬን ሳመችኝ።

አያሌው፦ ካሮት ተርፏል አልካቸዋ።

ሃይደር፦ እኔ እኮ አንተ አልሞትክም ነው ያልኳቸው።

አያሌው፦ እኔ መሞቴን ማን አላቸው? ሊያለቅሱ የመጡት ለካሮት ነው።

ሃይደር፦ ለካሮት?

አያሌው፦ ልነግርህ ስል አላስጨረስከኝም። እድሩ ጋ ስሄድ ሰብሳቢው ጋሽ ፀጋዘአብ «ማን ሞተ?» አሉኝ። እኔ አልዋሽም፤ «ጋሽ ካሮት ነው፣ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሞታል» አልኳቸው። ደነገጡ። ከልጅ ልጃቸው ጋር ሁሌ ያዩታል።

ሃይደር፦ እና ለካሮት ድንኳን ሰጡህ?

አያሌው፦ ዝም ብለው አልሰጡኝም። ኮሚቴው ተጠራ። «በደንባችን መሰረት አባል ነው ወይ?» አሉ። አይደለም አልኩ። «የአባል ቤተሰብ ነው ወይ?» አሉ። አራት ዓመት አንድ ቤት ኖረናል፣ ከበሩ ጀርባ ነው የሚያድረው አልኩ። ትንሽ ተከራከሩ። በኋላ እትዬ ሳጂዳ ተነስተው «ልጆቼን ፊደል ያስቆጠረ ቤተሰብ ካልሆነ ማን ቤተሰብ ሊሆን ነው?» አሉ። ተጨበጨበና ጸደቀ።

ሃይደር፦ የጥርሱን ክፍልስ አይተውታል? ሰዓቱንስ? ገብቷቸዋል?

አያሌው፦ ምኑ ነው የማይገባቸው? እትዬ አፀደ ያን ድስት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አላመኑትም። «ሳይጣድ የሚስቅ ድስት ደግ አያስብም» ይሉኝ ነበር።

ሃይደር፦ (ካርቶኑ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል።) ሲኒማ የተማሩት ድስቱን ዘመናዊነት ነው ያሉት። (በድንገት ቀና ይላል።) ሰዓቱ ስንት ነው?

አያሌው፦ ዘጠኝ አለፈ። «ጢን» ሲል እኮ ስልኩ ብዬህ ነበር።

ሃይደር፦ ታዲያ ያ ሁሉ ያልኩት…

አያሌው፦ ተላልፏል።

ሃይደር፦ ወላሂ ያልኩት?

አያሌው፦ እሱም። አሁን ካሮት በመሐላ ነው የተረፈው። መልሰህ ልትገድለው አትችልም።

ሃይደር፦ (ፊቱን በሁለት እጁ ይይዛል።) ሃያ ሁለት ካፌ ያሉት እየሳቁብኝ ነው።

አያሌው፦ አታስብ። እዚህ ማንም አልሳቀብህም። አንተ ፈዝዘህ ቆመህ ሳለ እትዬ አፀደ ጠጋ አሉና ስላንተ ጠየቁኝ።

ሃይደር፦ ምን ብለው?

አያሌው፦ «ይሄ ልጅ ከልቡ ነው እንዴ እንዲህ የሚንቀጠቀጠው? ሰው የሞተ መስሎት ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

ሃይደር፦ እሳቸውስ ምን አሉ?

አያሌው፦ በጣም አዘኑልህ። «አንዳንድ ሰው አይገባውም፤ ድንገት እንዳትነግረው፣ ቀስ ብለህ አስረዳው» አሉ።

ሃይደር፦ ምኑን?

አያሌው፦ (አረንጓዴውን ጓንት ትከሻው ላይ ያሳርፍና፣ በዝግታ) ሃይደርዬ። ድራማ ነው።