የመብረቁ ዶክተር ያልሞሉት ዓምድ

ግንቦት 28 ቀን። በቤተ ሙከራው የጉብኝት መዝገብ ላይ የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ኮረብታው ላይ ያለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ከጣሪያው የመብረቅ መከላከያ ወደ መሬት የሚወርደው የመዳብ ሽቦ ተቆርጦ ተሰርቋል።» ቀጥሎ ያለው፣ «የተወሰደ እርምጃ» የሚለው ዓምድ ባዶ ነው። መስመሩን የጻፉት የመብረቁ ዶክተር በማግስቱ ጠዋት ልባቸው ቆመ። የገደላቸው መብረቅ አልነበረም፤ «እንዳይምታታ በግልጽ ይጻፍ» ይሉኝ ነበርና ጽፌዋለሁ።

ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ከወንበሩ ብድግ ብሎ የሰው ሶኬት የሚነቅል አንድ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በዓለም ላይ የለም። ካለም ሰውየው ገና አልተቀጠረም ማለት ነው። የእኛው የመብረቅ ተመራማሪ ስለነበሩ የሚነቅሉት በማስረጃ ነበር። ሰማይና ምድርን ሲያስታርቁ ስለሚውሉ በሌሉበት «ክቡር አስታራቂ» እንላቸዋለን።

«ሽቦ ካለ መንገድ አለ!» ይላሉ ክቡርነታቸው። መብረቅ ርቆ ቢወድቅ እንኳ የሚለቀው የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ በየሽቦው ውስጥ ኃይል እንደሚቀሰቅስ፣ ብዙ ኮምፒውተርም በዚሁ እንደሚቃጠል ለዲኑ አስረድተዋል፤ ለጽዳት ሠራተኞቹ አስረድተዋል፤ አንድ ቀን ደግሞ ቁጥር ተሳስቶ ለደወለ ሰው ሃያ ደቂቃ አስረድተዋል። ሰውየው ሁለተኛ አልተሳሳተም።

ስብሰባ የሚገቡት ትንሽ ሬዲዮ ይዘው ነው። መርፌውን ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ ያደርጉና ሬዲዮው ጠሽ ባለ ቁጥር ፊታቸው ይበራል።

«ሰማችሁ? እሱ ነው! ከተራራው ማዶ ወረደ!»

«ዶክተር፣ እየተናገርኩ እኮ ነው» አሉ ዲኑ።

«እርስዎንማ ነገም እንሰማዎታለን።»

በእህቴ ሠርግ ላይ ሰማዩ እንደ መስታወት ጠርቶ ሳለ የሙዚቃውን መሣሪያ ከግድግዳው ነቀሉት። «አርባ ደቂቃ ነው የቀረው!» ብለው አወጁ። ሙሽሮቹ አርባ ደቂቃ ሙሉ በጭብጨባ ብቻ ጨፈሩ። አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

«ዶክተር፣ መብረቁ የጥሪ ካርድ አልደረሰው ይሆን?» አለቻቸው አክስቴ።

«ሌላ ጋ ተጠርቶ ይሆናላ፣ እትዬ። እንግዲህ ቀረ ብለው ሊቀየሙት ነው?»

እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ። ባዶ ዓምድ እንቅልፍ ይነሳኛል። የሰከንድን ሚሊዮንኛ እጅ የሚለኩት እኚህ ሰው ግን ያቺን አንዲት ዓምድ መሙላት ሞታቸው ነበር።

«ዶክተር፣ እርምጃው የታለ?»

«ወስጄዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተጻፈም?»

«አንቺ ልጅ፣ ወይ ልሥራ ወይ ልጻፍ። ምረጪ።»

ስለዚህ በእሳቸው እጅ ባዶ ዓምድ አንዳንዴ «ተሠርቷል»፣ አንዳንዴ ደግሞ «ረስቼዋለሁ» ማለት ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ሁለቱም ደርሶብኛል። ልዩነቱን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

መዝገቡን የገለጥኩት ከቀብራቸው በኋላ በሦስተኛው ቀን ነው። ከመስኮቱ ውጭ ደመናው ጠቁሯል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስድስት መቶ ልጆች አሉ። ብደውል ብደውል ስልኩን የሚያነሳ ጠፋ። ጃንጥላዬን እንኳ ሳልይዝ ሮጥኩ።

«ቀስ በይ እህቴ! ማን ሞተ?» አሉኝ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ።

«የመብረቁ ዶክተር» አልኩ። ሌላ መልስ አልመጣልኝም።

ዘበኛው ቆባቸውን አወለቁ። «እኚያ ሰማይ ሰማይ እያዩ የሚሄዱት? እኔን አፈር ይብላኝ! ባለፈው ሳምንት እኮ ጠዋት ሽቦው መሰረቁን አይተው ሄዱ፤ ከሰዓት አንድ ጥቅል ሽቦ በትከሻቸው ተሸክመው ተመለሱ።»

«ጠገኑት?»

«ምነው፣ ልብስ ሊያሰጡበት መሰለሽ? ጣሪያው ላይ ነው የዋሉት። በዚህ ዕድሜዎ ይውረዱ ብላቸው፣ እርስዎ በርዎን ይጠብቁ አሉኝ።»

ሄጄ አየሁ። ከጣሪያው እስከ መሬቱ አዲስ መዳብ ወርዷል። ማሰሪያዎቹን ቆጠርኩ፤ ሰባት ናቸው። አንዱም አልላላም። ዝናቡ ሲጀምር ልጆቹ ክፍል ውስጥ የማባዛት ሰንጠረዥ በአንድ ድምፅ ይጮኹ ነበር። ከሽቦው ርቄ በረንዳው ውስጥ ገባሁና ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አልኩ። ሰማዩ ሲያጉረመርም ሳቄ መጣ፤ እንባዬም አልቀረም። ማንም ሶኬቴን ሳይነቅልብኝ የዘነበ የመጀመሪያው ዝናብ ነበር።

ሲያባራ፣ ባዶው ዓምድ ላይ ሥራው ያለቀበትን ሰዓት አጣርቼ መጻፍ ስላለብኝ፣ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው አናጢ ተሻገርኩ። ዘበኛው እንደነገሩኝ መሰላል ያዋሳቸው እሱ ነው።

«አሥር ሰዓት ላይ ራሳቸው ተሸክመው አመጡልኝ» አለኝ። «ተዉት እኔ እወስደዋለሁ ብላቸውም አልሰሙኝም። ከዚያ ይቺ መወጣጫ ላልታለች ብለው መዶሻና ሁለት ሚስማር ጠየቁኝ። መትተው አጠበቋትና፣ አንዴ ረግጠው ሞክረው፣ መሰላሉን ግድግዳዬ ላይ አስደግፈውልኝ ሄዱ።»