ለአራት ኪሎ ፔዳል የሚበቃ ቦሮን

ሙናዊር፦ ጋሽ በሪሁን፣ እጅዎን ከጣሳው ያውጡ። በእፍኝ የሚበተን ጨው መሰልዎት?

በሪሁን፦ ቦራክስ ነዋ። ስብራቱን የሚገጥመው ናስ እንዲይዝልኝ ነው።

[ሙናዊር ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናው ፔዳል ለሁለት ተሰብሮ ምናለሽ ተራ፣ በያጁ በሪሁን ምድጃ ላይ ተጋድሟል። ሰኞ የሚረከቡት ሠላሳ ዩኒፎርም አለበት፤ ካላደረሰ ሥራው ለጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ለጠይብ ይሄዳል። እሱ ግን እግሩ ሥራ ቢፈታ አፉ አልፈታም። ከአንድ ኤግዚቢሽን ያገኛትን ባለ አራት ገጽ ወረቀት በቃሉ ይዞ፣ ቦራክስ ከደረቀ ሐይቅ እንደሚቆፈር፣ ውስጡ ቦሮን እንዳለ፣ ቦሮንም ብረት እንደሚያጠነክር ሲያስረዳ፣ በሪሁን አንዴ እሱን አንዴ ፍሙን ያያል።]

ሙናዊር፦ ለአንድ ቶን ብረት ሃያ ግራም ብቻ። ካለፈ ብረቱ እንደ ብስኩት ይፈረካከሳል።

በሪሁን፦ ፔዳልህ ስንት ቶን ነው?

ሙናዊር፦ [ዓይኑን ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ ሰቅሎ] አራት ኪሎ ነው፣ ጋሼ። ድርሻው የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

በሪሁን፦ የእኔ ሚዛን ከግማሽ ኪሎ በታች አያውቅም።

[ሙናዊር ከጣሳው ቆንጥሮ፣ ድንቁርናን በሆዱ እየረገመ ወርቅ ቤት ሊያስመዝን ሄደ። ከሰዓት በኋላ በወረቀት የተጠቀለለች ብናኝ እንደ ታቦት ይዞ ሲመለስ ፔዳሉ ትኩስ አመድ ውስጥ ተቀብሯል። ሙቀቱ ይበቃል ብሎ አመዱን ገለጥ አደረገና፣ ወረቀቷን አፉ ሥር ዘርግቶ ስለ ቦሮን ረዘም ያለ ንግግር አሰማ። ሲጨርስ ወረቀቷን ስንጥቁ ላይ አራገፈ። ፔዳሉ እስኪበርድ ጠብቀው አወጡት፤ ገጥሟል። ሙናዊር በሁለት እግሩ ወጣበት፤ ንቅንቅ አላለም።]

ሙናዊር፦ አዩ? እርስዎ በእፍኝ፣ ሳይንስ በቁንጥር።

በሪሁን፦ እኔማ ገና ጀርባህን ስትሰጠኝ በየድኩት፣ በእፍኝ፤ አመድ ውስጥ የቀበርኩት ቀስ ብሎ እንዲበርድ ነው። ቦራክሱ ዝገቱን ጠርጎ ናሱን ያስገባል እንጂ ራሱ ብረቱ ውስጥ አይዘልቅም። ላዩ ላይ ቀልጦ እንደ ብርጭቆ ይቀራል፣ በመዶሻ ይረግፋል።

ሙናዊር፦ [ቀስ ብሎ ከፔዳሉ እየወረደ] ታዲያ የእኔስ ቦሮን?

በሪሁን፦ እሱ እኮ ገና «ክቡራን» ስትል በትንፋሽህ በኖ ሄዷል። ንግግርህን እንዳላቋርጥብህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።