ሸማኔው ደምሴ ለምን ኤክስፖርት ጀመረ

ሰው የእጁን ሥራ ባሕር ማዶ መላክ የሚጀምረው ለምን ይመስላችኋል? ለዶላር? እኔም እንደዛ ይመስለኝ ነበር። ሃያ ሁለት ሰፈር ያለውን ጎረቤቴን ሸማኔውን ደምሴን ብጠይቀው ግን ሳቀብኝ።

«እማማ፣ ፈረንጅ እኮ ነጠላ አይመልስብኝም!»

ለልጄ ሠርግ ያዘዝኩትን ሦስቴ መልሼበታለሁ፤ ጥበቡ ጠማማ ነበራ! አማቾቼ ፊት ልዋረድ እንዴ? አራተኛውን ሳይሠራልኝ ለጀርመን መላክ ጀመረና ሠርጉን በአሮጌ ነጠላ ዋልኩ።

አምና ጀርመን ያለችው የእህቴ ልጅ ስጦታ ላከችልኝ። ብዘረጋው ከነቋጩ የደምሴ ሥራ! ጥበቡስ? ያው ጠማማ።

አጥፌ ይዤለት ሄድኩ። ገና በሩ ላይ ሲያየኝ ጮኸ።

«ወይኔ እማማ! ከጀርመንም ይመልሳሉ?»