አርባ ሁለት ሄክታር ጎርፍ

ውሃ ደንብ የማያከብር ፍጥረት መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ማዘጋጃ ቤት ግን ይህን ስድነት በዝምታ ሊያልፈው አልፈቀደም። ምክር ቤቱ ሁለት ቀን ሙሉ መክሮ ዘክሮ፣ በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ፣ የተኙትን ሁለት አባላት ጨምሮ በሙሉ ድምፅ፣ ባለ ሃያ ሦስት አንቀጹን የጎርፍ ተጋላጭ አካባቢዎች የግንባታና የልማት ደንብ አጸደቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎርፍ ደስ ባለው በኩል የሚገባበት ዘመን አከተመ። የሚገባበት ቦታ በሄክታር ተለክቶ፣ ማህተም ተመትቶበት፣ በፋይል ተቀመጠለት።

ካርታውን የሠራችው የፕላን ክፍሉ ካርታ ነዳፊ ናት። ቃሏን ቆጥባ የምትናገር፣ እርሳሷን በቢላ የምትቀርጽ ሴት ነች። ሥራውን እንደ ቀልድ አልያዘችውም። ቦት ጫማዋን አጥልቃ ሦስት ወር የወንዙን ዳር ስትረግጥ ከረመች። ውሃው በየግድግዳው ላይ ትቶት የሄደውን የጭቃ ምልክት በሜትር ለካች። «በዚያ በክፉው ዓመት እስከ የት ደረሰ?» እያለች ጠየቀች። አንዱ ጉልበቱን አሳያት፣ ሌላው ወገቡን፣ አንዲት ባልቴት ደግሞ ወጥ ቤት ድረስ አስገብታ የመደርደሪያዋን ሁለተኛ እርከን አሳየቻት። ከዚያ ቢሮዋ ገብታ ወንዙን ግራና ቀኝ አቅፎ የሚሄድ ሰማያዊ መስመር አሰመረች። በውስጡ ያለው መሬት አርባ ሁለት ሄክታር ሆነ። ቁጥሩ አንቀጽ አራት ላይ ሰፈረ፤ ወደ በላይ አካል ተልኮም ጸደቀ። አንቀጽ ሰባት ደግሞ በጎርፍ ቀጠናው ውስጥ አዲስ ግንባታ ከለከለ። ነባር ቤቶችም ወለላቸው በአንድ ሜትር ተኩል ከፍ እንዲል፣ ካልሆነም እንዲነሱ አዘዘ።

የክፍሉ ኃላፊ ከጀርባው «በመርህ ደረጃ» እየተባለ ይጠራል። ስሙን ያወጡለት ጸሐፊዎቹ ናቸው፤ ያለዚህ ሐረግ አፉን ሲከፍት ሰምተውት ስለማያውቁ ነው። አርቆ አሳቢነቱን ግን ጸሐፊዎቹም አይክዱም።

ደንቡ በጸደቀ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ባለ ሆቴል ወደ ቢሮው መጣ። ከወንዙ አሥራ ሁለት እርምጃ ርቆ አራት ፎቅ ሊሠራ፣ ከሥሩም የመኪና ማቆሚያ ሊቆፍር አስቧል። ኃላፊው ካርታ ነዳፊዋን አስጠራት።

«በመርህ ደረጃ፣» አላት፣ «ጎርፍ ልማትን ማደናቀፍ የለበትም።»

«ይህንን ለጎርፉ ማን ይንገረው?»

«የመስመሩን ነገር ነው የምልሽ። እዚህ ጋ ትንሽ ገባ ብታደርጊው።»

«ውሃው እኮ እዚህ ደርሶ ያውቃል። ምልክቱን ራሴ ነኝ የለካሁት።»

«ያለፈው አለፈ። ደንባችን የሚያየው የወደፊቱን ነው።»

«እሺ፣ ገባ ላድርገው። ሁለት ሄክታር ይጎድላል። ቁጥሩ ከተነካ ደግሞ ሰነዱ እንደገና ወደ በላይ አካል መሄድ አለበት።»

ከዚህ ቀደም ወደ በላይ አካል የሄደ አንድ ሰነድ ከሦስት ዓመት በኋላ የሌላ ከተማ ሰነድ ሆኖ ተመልሷል። ኃላፊው ደንቡን ከመሳቢያው አወጣ፣ አገላበጠ፣ ፊቱ በራ።

«የጸደቀው ቁጥሩ ነው። አርባ ሁለት ሄክታር ይሁን ይላል እንጂ የት ይሁን አይልም። ከዚህ የቀነስሽውን በሌላ በኩል ጨምሪው።»

እንዲህ ያለ መፍትሔ ሃያ ዓመት ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ብቻ የሚገለጥ ነው። ካርታ ነዳፊዋም የደመወዝ ሰው ነችና መስመሩን ገባ አደረገችው። የጎደለው ሁለት ሄክታር ከኳስ ሜዳው ተሞላ።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ተሰማ። የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ጋራዥ ከጎርፍ ወጣ። የሰብሳቢው ወንድም የዶሮ እርባታ ወጣ። የወንድሙ ሚስት የውበት ሳሎን በጎርፍ ውስጥ ብቻዋን መቅረቷ ሁሉንም ስላሳዘነ እሷም ወጣች። ለእነዚህ ሁሉ መተኪያ የመቃብር ስፍራው ተሰጠ፤ ነዋሪዎቹ ቅሬታ ባለማቅረብ የታወቁ ናቸው። በመጨረሻ የኃላፊው የራሱ አዲስ ቪላ ተራው ደረሰ፤ ከእሱም ጋር፣ አድልዎ እንዳይመስል፣ የቀረው የወንዝ ዳር ሰፈር እንዳለ ወጣ። በዚህ ጊዜ ከተማው ውስጥ መተኪያ የሚሆን ሜዳ አልቆ ነበር።

«ኮረብታውስ?» አለ ኃላፊው ካርታው ላይ ጎንበስ ብሎ።

«ኮረብታው ከወንዙ ስልሳ ሜትር ከፍ ይላል።»

«ዝናብ አይዘንብበትም?»

«ይዘንብበታል።»

«እንግዲያው ውሃ አለ ማለት ነው። ማን ይኖርበታል?»

«ሃያ ምናምን አባወራ ነው፤ ጡረተኛ አለ፣ ቀን ሠራተኛ አለ።» ካርታው ላይ አንድ ቤት በጣቷ ነካችና፣ «አክስቴም እዚያ ናት። ልብስ ሰፊ ናት።»

«ከበድ ያለ ሰው ግን የለም?»

«የለም።»

«በጣም ጥሩ። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የራስን ቤተሰብ ማስቀደም ትልቅነት ነው። ስምሽ በቃለ ጉባኤ ይያዝልሻል።»

ካርታ ነዳፊዋ እርሳሷን ቀረጸች፣ ኮረብታውንም ዙሪያውን ከበበችው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ። ኋላ ላይ ያሳፈራትም ይኸው ነው።

ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት ይህችው አክስቷ ናት፤ አሁንም አብረው ነው የሚኖሩት። በሳምንቱ ከሥራ ስትመለስ አክስቷን ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣ፣ በእጇ ባለማህተም ወረቀት ይዛ አገኘቻት።

«እስቲ አንብቢልኝ። የእኔ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር ለመክተት እንጂ ለመንግሥት ወረቀት አይሆንም።»

አነበበችላት። ቤቱ በጎርፍ ቀጠና ውስጥ መሆኑን፣ ወለሉ በስድስት ወር ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ካላለ እንደሚፈርስ።

«ጎርፍ ነው ያልሽኝ? እዚህ?»

«በካርታው ላይ ነው፣ እቴቴ።»

አክስቷ በመስኮቱ ቁልቁል አየች። ወንዙ ከታች፣ ከሩቅ፣ ተቀዶ እንደ ወደቀ ጥብጣብ ይታያል። «እዚህ እስኪደርስ እነዚያ ታች ያሉት ምን ሊሆኑ ነው?»

«እነሱ ደረቅ ናቸው። በደንቡ መሠረት።»

«ማን የሚሉት ሰው ነው እንዲህ ያለ ካርታ የሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

አክስቷ ወረቀቱን አጣጥፋ መቀሷ ሥር አስቀመጠችው። የመኪናዋን ፔዳል ሁለት ጊዜ ረገጠች፤ ጨርቅ ግን አልነበረበትም። «መስመሩ ቀጥ ብሏል?»

«ብሏል።»

«ድሮም ቀጥ ማድረግ ይሆንልሻል፤ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። በይ እራት ተከድኗል፣ ሳይቀዘቅዝ ብዪ።»

ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

አክስቲቱ በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ወርዳ አቤት አለች። ቤቷ ጎርፍ እንደማይደርስበት የሚያስረዳ ሰነድ እንድታመጣ ተነገራት፤ ሰነዱም ጎርፍ በመጣበት ዕለት የተጻፈ መሆን አለበት። አመስግና ወጣች።

ካርታ ነዳፊዋ ግን ከዚያ እራት ወዲህ፣ አንድ ቅዳሜ ከቢሮ የተረፈ ሰማያዊ ቀለምና ብሩሽ ይዛ ወንዝ ዳር ወረደች። በየመብራት ምሰሶው ላይ፣ የድሮው ውሃ በደረሰበት ልክ፣ አንድ አንድ መስመር ቀባች። ለሚጠይቃት ሁሉ «ዝናቡ ሁለት ቀን ካላባራ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኮረብታው ላይ ውጡ» ትላለች። «ኮረብታው የጎርፍ ቀጠና አይደለም እንዴ?» ሲሏትም «ነው፤ እሱ ይሻላል» ትላለች።

ሰኞ ኃላፊው ምሰሶዎቹን አየ። ያልተፈቀደ ማስታወቂያ ናቸውና በአስቸኳይ ይፋቁ ሲል ለጽዳት ክፍል ደብዳቤ ጻፈ። የጽዳት ሠራተኞቹ ቤት ወንዝ ዳር ስለሆነ ደብዳቤው ጠፋባቸው።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ሁለት ቀን ሙሉ ዘነበ፣ ሦስተኛውንም ጀመረ። የወንዝ ዳር ሰው ምሰሶውን እያየ፣ ልጁን አዝሎ፣ ፍራሹን ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። ከሰዓት በኋላ ወንዙ ያለ ምንም የግንባታ ፈቃድ ሰፋ። ባለ ሆቴሉ ቆፍሮ የጨረሰውን የመኪና ማቆሚያ ሞላው። ጋራዡን አጠበ፣ ሳሎኗ ገብቶ በመስታወቱ ራሱን አየ፣ ዶሮዎቹን ወሰደ። የኃላፊውንም ቪላ በበሩም በመስኮቱም ገባው። ሽቅብ ወጥቶ ከሰማያዊው ቀለም አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ቆመ። ከዶሮዎቹ በቀር የጠፋ ነፍስ አልነበረም።

ወደ ማታ ገደማ ኃላፊውና ሚስቱ ጭቃ በጭቃ ሆነው የልብስ ሰፊዋ በር ላይ ቆሙ። እሱ ማህተሙን በላስቲክ ጠቅልሎ ታቅፏል። ውስጥ ዘጠኝ ሰው ቀድሟቸዋል።

«ግቡ እንዳልል፣» አለች አክስቲቱ፣ «ቤቱ በጎርፍ አደጋ ላይ ነው ተብያለሁ። ነገ ሰው አሰጠመች እንዳልባል።»

«በመርህ ደረጃ...» ብሎ ጀመረ።

«እናቴ፣» አለች ሚስቱ፣ «እሱ መርሁን እስኪጨርስ እኔን አስገቢኝ።»

አክስቲቱ ሳቅ አመለጣትና ሁለቱንም አስገባቻቸው። ለእሱ የሟች ባሏን ኮት ሰጠችው። ክንዱ ላይ ስላጠረው ቁጭ አድርጋ እጅጌውን አስረዘመችለት። ካርታ ነዳፊዋ ከማዶ ሆና አክስቷ መርፌውን ስትሰካ አየች፤ አክስቷ ግን ቀና ብላ አላየቻትም።

በሦስተኛው ሳምንት የበላይ አካል ልዑካን መጡ። ካርታ ነዳፊዋ ሁለት ገጽ ዘገባ አዘጋጅታ ጠበቀች። በአንደኛው ገጽ ላይ «በጎርፍ ቀጠናው ውስጥ የደረሰ ጉዳት» ብላ ከሥሩ «የለም» ብላለች። በሁለተኛው ላይ ከቀጠናው ውጭ የሰጠሙ ሰማንያ ስድስት ቤቶች ተዘርዝረዋል። የልዑካኑ መሪ አንደኛውን ገጽ አነበበና ከመቀመጫው ተነሣ።

«በአርባ ሁለት ሄክታር የጎርፍ ቀጠና ውስጥ፣» አለ ድምፁን ሞልቶ፣ «አንድ ሰው፣ አንድ ቤት፣ አንድ ወንበር እንኳ አልተጎዳም። እንዲህ ያለ ውጤት በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«ሁለተኛ ገጽ አለው፣» አለች ካርታ ነዳፊዋ ብድግ ብላ።

«ከቀጠናው ውጭ ያለው የዛሬ አጀንዳችን አይደለም፣ እህቴ።» ከዚያ ባለ መስታወት የምስክር ወረቀቱን አንሥቶ ወደ ኃላፊው ዞረ። «የእርስዎ የራስዎ ቤትስ? ደህና ነው?»

ኃላፊው የሟቹን ኮት ቁልፍ ነካካ። የምስክር ወረቀቱን አየው። ከዚያም ካርታውን አየ። «ደረቅ ነው፣» አለ።

ሲወጡ ሚስቱ በሩ ላይ ጠበቀችው። «እንግዲያው ዛሬ ደረቁ ቤታችን ገብተን እንተኛ፣» አለችው። «እኔስ የሰው ቤት ወለል ጎኔን ጨርሶታል።»

የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ በወጣ ማግስት ማመልከቻ ይጎርፍ ጀመር። ባለ ሆቴሉ የኳስ ሜዳውን ጠየቀ። ሰብሳቢው ለዶሮ እርባታ የመቃብሩን ጎን አጨ። ኃላፊው ራሱ በጤና ምክንያት ኮረብታው ላይ አንድ ቦታ አስፈለገው።

«አይቻልም፣» አለችው ካርታ ነዳፊዋ። «ሦስቱም የጎርፍ ቀጠና ናቸው። አንቀጽ ሰባት አዲስ ግንባታ ይከለክላል።»

«መስመሩን አንሺዋ።»

«ላንሳ። ግን አርባ ሁለቱን ሄክታር የት ላድርገው? ጎርፍ የሌለበት ቦታ ሁሉ ተጠይቋል።»

ኃላፊው ግንባሩን አሸ። «ማንም ያልጠየቀው መሬት ጠፍቶ ነው?»

«አንድ አለ።» እርሳሷን ወንዙ ዳር አሳረፈች።

ኃላፊው ካርታው ላይ ጎንበስ አለ። ቪላው ያለበትን በጣቱ ነካው። የኮረብታውንም ቦታ ነካው፤ ጣቱ እዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ። «በመርህ ደረጃ፣» አለ፣ «ተቃውሞ የለኝም።»

ካርታ ነዳፊዋ ነገሩ ሳይቀዘቅዝ የመስመር ለውጥ ቅጹን አወጣች፤ ቀኑን፣ ስፋቱን፣ የቀድሞውንና የአዲሱን ቦታ ሞላች። ኃላፊው ማህተሙን ቀለም አስነክቶ ጠበቃት። አንድ ክፍት ቦታ ቀረ።

«የለውጡ ምክንያት ይላል። 'ወንዙ እዚያ ስላለ' ብዬ ልጻፍ?»

ኃላፊው ማህተሙን እንደ ያዘ ነገሩን በጽሞና መዘነው።

«አይሆንም፣» አላት። «አምናስ ወንዙ የት ነበር ብለው ይጠይቁናል። 'በነዋሪዎች ተደጋጋሚ ጥያቄ' በይ።»