መምህር ፍሬው ዘሆሳዕና ጠባቡን ኬዝ በገዛ አፉ የመረጠበት ዜና

በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽኑ ዕቅድ በአምስተኛ ዓመቱ በሪፖርት ላይ ከመቶ በላይ በተፈጸመበት፣ መብራት ግን ደስ ሲለው እየመጣ ሲያሻው በሚሄድበት ወራት፣ የመስቀል ሥጋ ተበልቶ አልቆ ወርኃ ጥቅምት በባተ ጊዜ፣ ፍሬው የተባለ የጂኦግራፊ መምህር፣ ትውልዱ ዘዳምቦያ፣ መንበሩ ዘሆሳዕና፣ መፍቀሬ ሰላም፣ ፈራሄ ስብሰባ፣ የዘጠነኛ ክፍል ካርታዎች ሁሉ ጠባቂ፣ ማንንም አስቀይሞ የማያውቅ፣ የመጀመሪያውን የጌም ኮምፒውተር ሊያስገጣጥም ወገቡን ታጥቆ ተነሣ። ኮምፒውተሩም ተገጣጥሞ የሚሸጠው ዓይነት አልነበረም፤ ዕቃው አንድ በአንድ ተመርጦ፣ አቅም በፈቀደ መጠን የሚሠራ ነበረ እንጂ።

ይህም ጀግና በሕይወቱ አንዳች ነገር መርጦ አያውቅም ነበር። ስሙን ቄሱ መረጡለት፤ ኮምፒውተር ልማር ብሎ ሲመኝ መዳቢው ጂኦግራፊ መረጠለት፤ የሚያስተምርበትን ከተማ ዕጣ መረጠለት፤ የተከራየውን ክፍል አጎቱ መረጡለት፤ የሚያገባት ልጅም ምርጫ በዘመዶች ደረጃ በጥሩ አፈጻጸም ላይ እንደነበረ ይነገራል። እርሱም በተዘጋ አፍ ዝምብ አይገባም የሚለውን ሃይማኖት ይዞ፣ ለሁሉም እሺ እያለ፣ ምስጉን ሆኖ ይኖር ነበር። ነገር ግን ልቡ በውስጡ ይቃጠል ነበር፤ ይህችን አንዲት ነገር እንኳ ራሴ ካልመረጥኩ መኖሬ ለምንድን ነው እያለ ብቻውን ያዝን ነበር።

ስለዚህም ዓመቱን ሙሉ ኢንተርኔት ቤት እየተቀመጠ የግራፊክስ ካርዶችን የትውልድ ሐረግ አጠና፤ ማን ማንን እንደወለደ፣ የትኛው ፈጥኖ እንደሚግል፣ የትኛው እንደ ቅምጥል ልጅ ብዙ ኃይል እንደሚጠይቅ በቃሉ ያዘ። ጌም የሚያጫውተው ይህ ካርድ እንደሆነ፣ ሌላው ዕቃ አጃቢ እንደሆነ ተረዳ። ከመናኸሪያው ማዶ የኮምፒውተር ሱቅ ያላት ወይዘሮ ትርፊትም፣ ባለ ሁለት ማራገቢያ፣ ረጅምና ግርማ ያለው ካርድ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጣችለት። እርሱም ከፍሎ በተረከበው ጊዜ እንባው መጣ፤ ሰው እንዳያይበትም እንዳስነጠሰ አስመሰለ።

ወእምዝ፣ ብቻውን ሄዶ የቀረውን ሊመርጥ ቢያስብም፣ ሆሳዕና ውስጥ ብቻውን የሚሄድ ሰው ታሟል ወይም ተጣልቷል ይባላልና አልሆነለትም። ከሥራ ቀደም ብሎ ለመውጣት ፈቃድ የጠየቀው መምህር ሽፈራውን ነበር፤ መምህር ሽፈራውም የሥነ ዜጋ አስተማሪ፣ የአንድ ለአምስት ቡድኑ መሪ፣ የቃለ ጉባኤ አባት፣ ነገሩን በአጀንዳነት ያዘው። የቤት አከራዩ እትዬ እህተማርያም፣ አባታቸው ከሰሜን መጥተው በዚያው ከተማ በንግድ የኖሩ፣ የቆጣሪ ጠባቂ፣ የጋራ መብራት እመቤት፣ ከአጥር ወዲያ ሰምተው ነጠላቸውን አጣፉ። አጎቱም ጋሽ ጴጥሮስ፣ የእናቱ ወንድም፣ የመስቀል ቅርጫ ዳኛ፣ ከዳምቦያ እስከ ሀደሮ ገበያ ያለ በሬ ሁሉ ሲያያቸው ሆዱን የሚነፋላቸው፣ በዚያ ዓመት የመረጡት ሰንጋ ስቡ ገና እየተወራ ሳለ፣ የእህቴ ልጅ ትልቅ ነገር ሊገዛ ነው ሲባል ሰምተው በጠዋት መኪና ደረሱ። ይህ ሁሉ ሠራዊት በባጃጅ ተጭኖ፣ ጀግናውን በመሐል አድርጎ፣ አቧራውን እያስነሣ ወደ ሱቁ ዘመተ።

በሱቁም በደረሱ ጊዜ ሽፈራው ስብሰባው መከፈቱን አብሥሮ ዕቃው በአሳታፊ መንገድ እንዲመረጥ አደረገ። ፍሬው መልካሙን ፕሮሰሰር፣ ማለት የኮምፒውተሩን አንጎል፣ በዓይኑ እያየ ሳለ እትዬ እህተማርያም እንዲህ ብለው አዋጅ አስነገሩ፤ «ልጄ፣ ፈጣን የሚሉት ሁሉ ቆጣሪ ያስሮጣል። ረጋ ያለውን ውሰድ፤ አንተም ረጋ ያልክ ልጅ ነህ!» ፍሬውም እሺ አለ። ሽፈራው ደግሞ ጉሮሮውን ጠርጎ አወጀ፤ «ሃርድ ዲስኩ ትልቅ ይሁን፤ የቡድናችን ሪፖርት በዝቷል። ጌም የተባለውን ደግሞ እንደ ትርፍ ሰዓት ተግባር ብናየው!» ፍሬውም እሺ አለ። ራም የሚሉት የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻም ቢሆን በዚሁ ሥርዓት ተወሰነ፤ ሽፈራው አንዱ ይበቃል ሲል እትዬ ደገፉት፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ፍሬው ሦስተኛውን እሺ በቀስታ አለ። ካርዱ ግን በጉያው ነበረና፣ እርሱ እስካለ ድረስ የቀረው ይሁን ብሎ ራሱን አጽናና።

ከዚህም በኋላ ተራው የኬዙ ሆነ፤ ይኸውም ዕቃው ሁሉ የሚገባበት ሣጥን ነው። ትርፊትም ሁለት ኬዝ አውጥታ በባንኮኒው ላይ አቆመች። አንደኛው ሰፊ፣ ከባድ፣ በፊቱ ቀይ መብራት የሚያበራ፣ ሁለተኛው ጠባብ፣ ጥቁር፣ ዝምተኛ ነበረ። በዚህ ጊዜ ጋሽ ጴጥሮስ ኮታቸውን አውልቀው ለሽፈራው ሰጡ፤ እጃቸውን አሻሹ፤ ትልቁንም ኬዝ ዙሪያውን ዞሩት፤ ጎኑን በመዳፋቸው መቱት፤ ከኋላው ጎንበስ ብለው አዩ፤ ወደፊት ገፋ፣ ወደኋላ ሳብ አድርገው አቋቋሙን መረመሩ፤ ክዳኑንም እንደ በሬ ከንፈር ፈልቀቅ አድርገው ውስጡን ተመለከቱ። ገበያተኛም በሱቁ በር ተሰብስቦ ይህን ጥበብ ያደንቅ ነበር። ከዚያም ቀና ብለው አወጁ፤ «እኔ ጴጥሮስ በሬ ስመርጥ ኖሬ አንድ መስቀል አላፈርኩም! ከብት ማለት ጎኑ ነው። ጠባብ ጎን ምን ይይዛል? ትልቁ ይሁን!» ሕዝቡም ይሁን ይሁን አለ፤ ከሕዝቡ መካከልም ኬዝ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ፍሬው ግን ጠባቡን ኬዝ ባየው ጊዜ ወዶት ነበር። አያበራም፣ አይጮኽም፣ ከአልጋው አጠገብ ባለች ጠረጴዛ ላይ ልክ ይቀመጣል፤ ራሱን ፍሬውን ይመስላል። እሺ የምትለዋ ቃል እንደ ልማዷ እስከ ከንፈሩ መጣች፤ እርሱም ካርዱን በጉያው አጥብቆ ያዘ፤ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ፤ ላቡ በግንባሩ ወረደ። ከዚያም በሃያ ስድስት ዓመቱ፣ የመጀመሪያውን አዋጅ አስነገረ፤ «አይሆንም፣ አጎቴ። ትንሹ ይሁን።»

በዚያች ሰዓት የሆነውን ድንጋጤ ጸሐፊው ለመጻፍ ይከብደዋል። እትዬ እህተማርያም አማተቡ፤ የባጃጁ ሹፌር ሞተሩን አጠፋ፤ ጋሽ ጴጥሮስ ከሽፈራው እጅ ኮታቸውን ተቀብለው፣ ቀስ ብለው ለብሰው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ። ሽፈራውም ወዲያው ግምገማ ከፍቶ አወጀ፤ «መምህር ፍሬው ዛሬ የግለኝነት አዝማሚያ አሳይተዋል፤ እዚሁ ግለ ሂስ ያድርጉ!» ፍሬውም የአጎቱን ጀርባ ባየ ጊዜ ያሳደጉትን ሰው በገበያ ፊት ማሳፈሩ እንደ እሳት ፈጀው፤ ሆኖም ቃሉን አላጠፈም። «ግለ ሂሴ ይሄ ነው፤ እስከ ዛሬ እሺ ማለት አብዝቻለሁ» ብሎ አወጀ፤ ሽፈራውም ይህ በየትኛው ርዕስ ሥር እንደሚያዝ ግራ ገብቶት ቃለ ጉባኤውን ያገላብጥ ጀመር።

ወእምዝ ትርፊት መፍቻዋን አንሥታ መግጠም ጀመረች። ሁሉም በየቦታው ገባ፤ የካርዱ ተራም ደረሰ። ፍሬው ከጉያው አውጥቶ፣ ታቦት እንደሚያስረክብ ሰው በሁለት እጁ ሰጣት። እርሷም ካርዱን ወደ ኬዙ ብታስገባው አልገባም፤ አጋድማ ብትሞክረው አልገባም፤ ሃርድ ዲስኩን ወደ ላይ አንሥታ ብትሞክርም የፊተኛው ብረት አፍንጫውን ይዞ አላሳልፍ አለው። ካርዱ ከኬዙ ይረዝማልና። የምድርን ወገብ በቃሉ የሚያውቅ፣ ከአዲስ አበባ ሞያሌ ያለውን ርቀት ተማሪን በካርታ ላይ የሚያስለካ መምህር፣ የመረጠውን ካርድ ከመረጠው ኬዝ ጋር በማስመሪያ አልለካውም ነበር። በትልቁ ኬዝ ግን ካርዱ እግሩን ዘርግቶ ይተኛ ነበር፤ ጋሽ ጴጥሮስ ካርድ ምን እንደሆነ ሳያውቁ እውነት ተናግረው ኖሯል።

የፍሬው ፊት በርበሬ መሰለ። ሽፈራውም ደስታውን በሐዘን ሸፍኖ «የጋራ አመራርን አለመስማት ውጤቱ ይሄ ነው! ወደ ትልቁ ይመለስ!» ብሎ አወጀ፤ እትዬም «ልጄ፣ ስሕተትማ ይታረማል፤ ለውጠው!» አሉ፤ ትርፊትም ምንም ሳታስጨምር ልትለውጥለት ትልቁን ኬዝ አቀረበች፤ ቀይ መብራቱም በርቶ ያሾፍ ነበር። ነገሩ ሁሉ በአንዲት እሺ ሊያልቅ ቀርቦ ነበር። ጀግናውም ሁለቱን ኬዞች አየ፤ አንደኛው ትክክል ሆኖ የሌሎች ነው፤ ሁለተኛው ስሕተት ሆኖ የእርሱ ነው። ይህችን እሺ ካለ ዕድሜውን ሙሉ፣ ሚስት ሲሰጡትም፣ መቃብር ሲመርጡለትም፣ አንተ እኮ ማስመሪያ የረሳህ ነህ እየተባለ እንደሚኖር ተገለጠለት። እንዲህም ብሎ ሁለተኛውን አዋጅ አስነገረ፤ «ሳልለካ መቅረቴ የኔ ጥፋት ነው። ኬዙም የኔ ነው። አይለወጥም። ይቆረጥ!»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ብሎ ሕዝቡ አጉረመረመ። እርሱ ግን ኬዙን ታቅፎ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው የመስኮት ፍርግርግ ወደሚበይዱት ወጣቶች ተሻገረ። ወጣቶቹም በር እንጂ ኮምፒውተር ቆርጠው አያውቁምና ፈሩ፤ ኬዙም ቀላል ስለሆነ በመጋዙ ሥር እየተንሸራተተ አስቸገረ። ፍሬው አንዱን ጫፍ ቢይዝ ሌላው ጫፍ ይዘልል ነበር፤ የሚያግዘውም አልነበረም። በዚህ ጊዜ ከኋላ የእግር ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ጴጥሮስ ኮታቸውን እንደገና አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ኬዙን በሁለት ጉልበታቸው መካከል አጣብቀው ያዙ። ፊታቸው ገና አልተፈታም ነበር፤ ቢሆንም አወጁ፤ «ቀንዱ ለበረቱ የረዘመ በሬ አይሸጥም፤ የበረቱ በር ይሰፋለታል። ይዤዋለሁ፤ ቁረጡ!» ፍሬውም ይህን ሲሰማ አለቀሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን እንዳስነጠሰ አላስመሰለም።

ብረቱም ተቆረጠ፤ ወደ ትርፊት ሱቅ ተመልሰውም ካርዱ ገባ፤ አፍንጫው ግን በኬዙ ፊት ወጥቶ፣ በረት ውስጥ ሆኖ መንገደኛ እንደሚያይ በሬ ወደ ውጭ ቀረ። ማሽኑም በተነሣ ጊዜ ማራገቢያዎቹ ዞሩ፤ የእግር ኳስ ጌሙ ሜዳ በሱቁ ሞኒተር ላይ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ በእትዬ ፕሮሰሰር ርጋታ ምክንያት ተጫዋቾቹ ለቅሶ የሚደርሱ ያህል ቀስ ብለው ቢሮጡም፣ ሮጡ። ጋሽ ጴጥሮስ ተጫዋቾቹ ለምን እንደሚሮጡ ባይገባቸውም፣ ጎል ሲገባ ከሁሉ በላይ የጮኹት እርሳቸው ነበሩ።

እንግዲህ የፍሬው ዝና ከዱራሜ መንገድ እስከ መናኸሪያው ተሰማ። ክፍሉ የገባ ሰው ሁሉ ከኬዙ ፊት የወጣውን አፍንጫ ባየ ጊዜ ይስቃል፤ ሽፈራውም በቃለ ጉባኤው ላይ «ተግዳሮት» ብሎ መዝግቦታል። ሰላም ለአፍህ፣ እሺ ለጠገበች። ሰላም ለእጅህ፣ ማስመሪያ ላልያዘች። ሰላም ለጉልበትህ፣ በገበያ ፊት ተንቀጥቅጣ ላልተንበረከከች። ሰላም ለኬዝህ፣ ፊቷ ለተበሳ፣ አቧራ በየቀኑ ለሚጎበኛት፤ ይህን የመሰለ ነገር ደግሞ ማን መረጠው ተብሎ ሲጠየቅ «እኔ» የሚል ባለቤት ላላት።