ቅዳሜ የሚዞረው አባ ኮዳ

ተክል ቀስ ብሎ ወደ ብርሃን ያዘነብላል። ይህን አውቃለሁ። ማስቀመጫውን ይዞ ግን አይዞርም። ይህንንም አውቃለሁ። እንግዲህ የማላውቀውን ላውራችሁ።

በሐይቅ ዳሯ ከተማችን፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር በተከራየሁበት ግቢ፣ በትልቅ የሲሚንቶ ማስቀመጫ የተተከለ፣ ቦክስውድ የሚሉት ቅጠለ ደቃቅ ቁጥቋጦ አለ። የአከራዬ የእትዬ ዘነበች ባል፣ ጋሽ ጴጥሮስ፣ እየከረከሙ አባ ኮዳ አስመስለውታል። ሐይቁ ዳር የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቀውን ወፍ ታውቁት የለ? ቁርጥ እሱን። ምንቃሩ፣ የተኮማተረ ትከሻው፣ ሁሉም።

ጋሽ ጴጥሮስ ጡረታ የወጡ አትክልተኛ ነበሩ። በጠራራ ፀሐይ አይከረክሙም፤ የተቆረጠው ቅጠል ይቃጠላላ። አፈሩን በጣታቸው ሳይነኩ ውኃ አያጠጡም። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ፣ ፀሐይ ለሁሉም ጎን እንዲደርስ፣ ማስቀመጫውን ሩብ ዙር ወደ ቀኝ ያዞራሉ። ምንቃሩ ከበሩ ወደ ማንጎው ዛፍ፣ ከማንጎው ወደ ሳሎኑ፣ ከሳሎኑ ወደ ማድ ቤቱ።

ሞቱ። ወፉ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መዞሩን አላቆመም።

የእትዬ ቸርች የጸሎት ቡድን መጥቶ ጸለየበት። በሳምንቱ ዞረ። እትዬ ዘነበች፣ “እኔ ጌታን ተቀብያለሁ፤ በሙት መንፈስ አላምንም። ግን ጴጥሮስ ሰነፍ አልነበረም” አሉኝ።

ይህንኑ አዲስ አበባ ላለችው ልጃቸው ለሣራ ነገሯት። ወዲያው ደወለችልኝ። እናቷ አእምሮዋን እየሳተች ነው፤ ቅዳሜ መጥታ ልትወስዳት ነው፤ ቤቱም ይዘጋል አለችኝ። እትዬ ሲሰሙ እህል አልቀምስ አሉ። “ፎቅ ላይ ሰቅላ ልታኖረኝ? ከዚህ ግቢ የምወጣው ተሸክመውኝ ነው!”

እኔ ጋዜጠኛ ነኝ። አጣራለሁ አልኳቸው፤ ለሣራም ይህንኑ ነገርኳት። ዓርብ ከሰዓት ከማስቀመጫው እስከ ወለሉ በጠመኔ አሰመርኩ። ምንቃሩ ወደ ማድ ቤቱ ነበር። የግቢውን በር ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። በግቢው ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ እትዬ ደግሞ ወገባቸው ባልዲ እንኳ አያስነሣቸውም።

ጠዋት ወጣሁ። ምንቃሩ በሩን ያያል። መስመሩ ወለሉ ላይ ሌላ፣ ማስቀመጫው ላይ ሌላ ቦታ ነው።

በሩ ተንኳኳ። ሣራ ናት፤ ለእናቷ ልብስ ባዶ ሻንጣ ይዛለች።

“እሺ ጋሼ፣ ማነው የሚያዞረው?”

በሃያ ዓመት ሥራዬ ያላጣራሁትን ተናግሬ አላውቅም።

“እኔ ነኝ” አልኩ።

“በየሳምንቱ?”

“በየሳምንቱ።”

ሣቀች። እናቷን አገላብጣ ሳመችና ባዶ ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች።

ውሸቴን እውነት ላድርገው ብዬ፣ በቀጣዩ ቅዳሜ በማለዳ፣ በግማሽ እንቅልፍ፣ እያላበኝ አዞርኩት። እትዬ በመስኮት ያዩኛል።

“ተባረክ። ግን ወደ ግራ ነው ያዞርከው።”

እውነትም ምንቃሩ ተመልሶ ማድ ቤቱን ያያል።

“ምን ለውጥ አለው እትዬ?”

“ለእኔማ ምንም” አሉ።

እሑድ አብረን ቸርች ሄድን። በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ኪሴ ነው። ስንመለስ ወፉ የሳምንቱ ተራ የሆነውን ማንጎ እያየ ነበር።

ብዙ አርታኢ አርሞኛል። ሳልከራከር የተቀበልኩት ግን የዚህኛውን እርማት ብቻ ነው።