ዓይንህን አበድረኝ

እስቲ አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና በሌላው ወደ ታች ተመልከቱ። አፍንጫችሁ ታየቻችሁ? ዛሬ የመጣች እንዳይመስላችሁ። ከተወለዳችሁ ጀምሮ እዚያው ተገትራለች፤ ዓይናችሁም ሲያያት ነው የኖረው። ግን አእምሮ የሚሉት ነገር ስስታም ነው። የማይለወጥ ነገር ሲመጣበት «አውቄዋለሁ፣ እለፍ» ብሎ ይሸኘዋል። የግቢ ውሻ የሚጮኸው ለእንግዳ ነው፤ ለቤተኛ ጅራቱን ቆልቶ ይተኛል። ዓይንም ለለመደው አይጮህም። ይህን ኮሌጅ ሳለሁ ተምሬዋለሁ፤ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አልፌዋለሁ። የኮሌጁን ፈተና ማለቴ ነው።

እኔ የከብት ጤና ባለሙያ ነኝ። የምኖረው ማርቆስ ነው፤ ለሥራ ደምበጫ ገጠር ስመላለስ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ገበሬው «ዶክተር» ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም፤ አንድም ቀን ግን አላረምኩትም። በዓይኔ የታወቅሁ ሰው ነኝ። በገበያ ቀን በሬ ሲነዳ ከሩቅ አይቼ የቱ እግሩ እንደሚያመው፣ ሰሞኑን ምን ያህል ሥጋ እንደቀነሰ እናገራለሁ። ባጃጅ አስቁሜ የማላውቀውን ሰው ፈረስ ኮቴ አንስቼ ያየሁበት ጊዜ አለ። ባለቤቴ ትርንጎ «የሰው ከብት ሲያይ የራሱን ሰፈር አልፎ ይሄዳል» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ውነቷን ነው፤ ብዙ ጊዜ አልፌ ሄጃለሁ።

ደምበጫ አጠገብ አያ ምህረት የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ወዳጅ አሉኝ። ገና ከደጃቸው ስደርስ «ዶክተር፣ እስቲ ዓይንህን አበድረኝ» ይሉና በሬዎቻቸው ዘንድ ይወስዱኛል። ጠዋት ማታ ስለሚያዩዋቸው ይክሱ ይወፍሩ አይታወቃቸውም። «የእኔ ዓይን ለምዷቸዋል፤ የለመደ ዓይን ደግሞ አይመሰክርም» ይላሉ። እኔም በወር አንዴ ብቅ የምል ሰው ነኝና አይቼ «የዳልቻው ጎድን ወጥቷል፤ መኖ ይጨምሩለት» እላለሁ። ኮሌጅ አንድ ወር ሙሉ ያስተማረኝን ፊደል ያልቆጠሩ ሰው በአንድ ቃል ሲጨርሱት ይገርመኝ ነበር።

አንድ ዓመት ሁዳዴ ሲጋመስ ትርንጎ ቀሚሷን ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያዘችው።

«ሰፋኝ መሰለኝ» አለችኝ።

«ጾሙ ነዋ» አልኳት።

ሰንበት ብሎ መርፌ ቁልፉ ሁለት ሆነ። አልዋሽም፤ መርፌ ቁልፎቹን አይቻቸዋለሁ። ያላየሁት ወገቧን ነው። ጎረቤት ስትመጣ «ምነው ከሳሽ?» ትላታለች፤ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ይሄ እኛ ዘንድ ሰላምታ ነው፣ ለወፈረውም ይባላል። እሷ «ምን እባክሽ» ብላ ታልፈዋለች፤ እኔ እስቃለሁ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል አሉ። ልጡን የምነክረው እኔ ነበርኩ።

ፋሲካ አልፎ ሁለት ሳምንት ሲሆነው አያ ምህረት ለጉዳይ ማርቆስ መጡና፣ እንቁላል በጭድ ሸፍነው ይዘው ቤታችን ገቡ። ትርንጎን ካዩዋት ዓመት አልፏቸዋል። ምሳ አቀረበችልን። ሌላ ጊዜ ጨዋታ የማያልቅባቸው ሰው አቀርቅረው ቶሎ በልተው ተነሱ። ስሸኛቸው የግቢው በር ላይ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ከታመመች ስንት ጊዜ ሆናት?»

«ማን?» አልኳቸው።

በአገጫቸው ወደ ቤት ጠቆሙኝ። እኔም ዞሬ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ተመለከትኩ። ትርንጎ ሳህን ለማንሳት ጎንበስ ብላለች። የአንገቷ አጥንት ወጥቷል፤ ትከሻዋ ሾሏል፤ ክንዷ የሕፃን ክንድ አክሏል። በሬ ብትሆን ኖሮ ከመንገድ ማዶ እለያት ነበር! አያ ምህረት ሳልጠይቃቸው ዓይናቸውን አበድረውኝ ነበር።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ «ምነው ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁትም። አዲስ አበባም አመላለስኳት። አውቶብሱ ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ትተኛለች። ምንም አትከብደኝም። አለመክበዷ ነው ያስለቀሰኝ። አንድ ቀን ነቅታ አየችኝና «አንተ ምን አጠፋህ? እኔስ ራሴን መቼ አየሁት?» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ክረምቱን ሳትጨርስ አረፈች።

ለቀስተኛው ሁሉ «አይዞህ፣ ይለመዳል» አለኝ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ሌላ ምን ይበሉ? እኔን ጉድ የሠራኝ መልመድ መሆኑን በየት በኩል ልንገራቸው!

ነጠላዋ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ወራት ስወጣም ስገባም ባየሁት ቁጥር ልቤ ይከዳኛል። ታዲያ አንድ ጠዋት ሥራ ልሄድ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ድንገት ትዝ አለኝ። ዛሬ ነጠላውን አይቼዋለሁ? አላየሁትም? ወርጄ እየሮጥኩ ተመለስኩ። እዚያው ሚስማሩ ላይ ነው። ዓይኔ «አውቄዋለሁ፣ እለፍ» ብሎ ሸኝቶታል።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቦታውን እለውጠዋለሁ። አንድ ቀን ወንበር ላይ፣ አንድ ቀን ራስጌዬ፣ አንድ ቀን የቁም ሳጥኑ በር ላይ። ጎረቤት ቢያይ አበደ ይለኝ ይሆናል፤ ይበል። ዛሬ መስኮቱ ላይ ሰቅዬው ወጥቻለሁ። ማታ በሩን ስከፍት ትርንጎ የቆመች መስሎኝ እደነግጣለሁ። የሰቀልኩትም ለዚሁ ነው።